16 ቻናል ስላለው ብቻ አይመረጥም፦ ስለ አናሎግ ማልቲፕሌክሰር ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ቦርድ በሚሠሩ ሰዎች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ለባለብዙ ቻናል ቦርድ የትኛው አናሎግ ማልቲፕሌክሰር ይመረጥ የሚል ነው፤ ማልቲፕሌክሰር ማለት ከብዙ መግቢያዎች (ቻናሎች) አንዱን በተራ እየመረጠ ወደ አንድ የጋራ መስመር የሚያስተላልፍ ቺፕ ነው። አጭርና ቀለል ያለ ነው፤ ጀማሪን ያደፋፍራል፤ በብዙ ሰው እጅ የገባውም ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን ምክሩን እንዳለ የወሰደ ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር እውነት የሚናገር፣ ፋብሪካ ሲገባ የሚቀላምድ ቦርድ ይሠራል።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ምሳሌው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ 16 ቦታ ላይ ሙቀት፣ ግፊት፣ ፒኤችና የሞተር ከረንት የሚለካ ቦርድ ነው። ለዚህ አንድ 74ኤችሲ4067 ይበቃል፤ 16 ቻናል በአንድ ቺፕ ስለሚሰጥ ሁለት 4051 (ባለ 8 ቻናል ቺፕ) ከመጠቀም የማይክሮኮንትሮለር ፒን ይቆጥባል ይላል። ከዚህ የተሻለ ቺፕ የሚፈልግ ሰው ዳታሺቱ (የፋብሪካው መግለጫ ሰነድ) ላይ የኦን ሬዚስታንሱን ብቻ ይይ፤ ያነሰው ሁልጊዜ የተሻለ ነው ይላል። የአንዱ ቻናል ንባብ በሌላው ላይ ከታየ ኮዱ ላይ ትንሽ መዘግየት ጨምሮ የ10 ንባብ አማካይ መውሰድ ይፈታዋል፤ በ3.3 ቮልት የሚሠራው ማይክሮኮንትሮለር ኢኤስፒ32 በ5 ቮልት የሚሠራን ማልቲፕሌክሰር በቀጥታ ይነዳል፣ ሌቨል ሺፍተር (ሁለቱን ቮልቴጆች የሚያስማማ ቺፕ) ብክነት ነው፤ በመጨረሻም ቺፑ ውስጥ መከላከያ ዳዮድ ስላለ ሌላ መከላከያ ትርፍ ነው፣ ዲጂ408ና ኤዲጂ508ኤፍን የመሰሉት ማልቲፕሌክሰሮች ቅንጦት ናቸው። ጽሑፉ ይኸው ነው።

የኔ ቅሬታ ከአምስቱም ነጥብ በፊት ይጀምራል። ጸሐፊው ምርጫውን ከቺፑ ጀምረዋል። መጠየቅ ያለበት ግን በሌላው ጫፍ ያለው ነው፦ ሲግናሉን የሚልከው ዕቃ የውስጥ ሬዚስታንሱ ስንት ነው? ቮልቴጁ ከየት እስከ የት ይወዛወዛል? መብራት ሲጠፋ ሴንሰሩ አብሮ ይጠፋል ወይስ በባትሪ በርቶ ይቆያል? እነዚህ ከታወቁ ቺፑ ራሱን ይመርጣል። ካልታወቁ 16 ቻናልም 32 ቻናልም አያድኑም።

ስለ ቻናል ብዛት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሒሳቡ ብቻ ይበቃል። 74ኤችሲ4067 ቻናል የሚመረጥበት አራት የአድራሻ መስመርና ቺፑን የሚያበራ አንድ ማንቂያ አለው፤ አምስት ፒን። ሁለት 4051 ሦስቱን የአድራሻ መስመር ይጋራሉ፤ ለየራሳቸው ደግሞ አንዳንድ ኢንሂቢት (ቺፑን ማጥፊያ) አላቸው፤ ይህም አምስት ነው። የ4067ቱን ማንቂያ ግራውንድ ላይ አስሮ አራት አደረግሁት የሚል ካለ፣ ሁለቱን ኢንሂቢት በአንድ ኢንቨርተር በማገናኘት የ4051ዎቹም አራት ይሆናሉ። ኤዲሲው (ቮልቴጁን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ክፍል) ሁለት ነጻ መግቢያ ካለው ደግሞ እያንዳንዱን 4051 ወደ ራሱ መግቢያ ወስዶ በሦስት አድራሻ ብቻ 16ቱን ማንበብ ይቻላል። ስለዚህ የፒን ቁጠባው የለም። የቦርድ ቦታና የብየዳ ሥራ ይቆጥባል ከተባለ እቀበላለሁ፤ በተለይ ሞጁል ሆኖ የሚሸጠው ለሙከራ ምቹ ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳው ልዩነት ግን አለ። 4051 እግር 7 ላይ ለአሉታዊ ቮልቴጅ የተለየ መግቢያ አለው፤ 4067 የለውም። 74ኤችሲ4051ን በ+5ና በ-5 ቮልት አስነስተን፣ አድራሻውን ከ0 እስከ 5 ቮልት ባለው ዲጂታል እየነዳን፣ ከዜሮ በታች የሚወርድ ሲግናል ማሳለፍ እንችላለን። በ4067 ከግራውንድ በታች የወረደ ሲግናል የመከላከያ ዳዮዱን ያበራና የሌሎቹን ቻናሎች ንባብ ጭምር ያበላሻል። ጸሐፊው በምሳሌያቸው የሞተር ከረንት አስገብተዋል፤ ከከረንት ትራንስፎርመር የሚመጣው ደግሞ ግማሹ አሉታዊ ነው። በ4067 ለመሥራት የግድ ከሆነ ሲግናሉን በፓወሩ አጋማሽ ላይ ማንጠልጠል ያስፈልጋል። ለምሳሌ 100 አምፔርን ወደ 50 ሚሊ አምፔር የሚቀንሰው ኤስሲቲ-013 በ3.3 ቮልት ቦርድ ላይ 22 ኦም ጭነት ቢደረግለት ጫፉ 1.56 ቮልት ስለሚሆን በ1.65 ቮልት ላይ ሲንጠለጠል ልክ ይገባል። ጭነቱ ግን ለእያንዳንዱ ትራንስፎርመር ለየብቻው፣ ከማልቲፕሌክሰሩ በፊት ይበየዳል። አንድ ጭነት ከቺፑ በኋላ አድርጎ ትራንስፎርመሮቹን ማፈራረቅ ያልተመረጡትን ክፍት ይተዋቸዋል፤ ከረንት የሚያልፍበት ትራንስፎርመር ሁለተኛ ጠመዝማዛው ክፍት ሲሆን የሚፈጥረው ቮልቴጅ ለቺፕም ለሰውም አደገኛ ነው።

ወደ ዋናው ስሕተት እንምጣ፤ ኦን ሬዚስታንስ። ቺፑ ሲበራ በመንገዱ ላይ የሚቀረው ሬዚስታንስ ጉዳት የሚያደርሰው ከረንት ሲያልፍበት ነው። ከኋላው 1 ሜጋ ኦም መግቢያ ካለ፣ የ74ኤችሲው 70 ኦም የሚያመጣው ስሕተት 0.007 በመቶ ነው። ቀርፋፋ የሚባለው የድሮው ሲዲ4051 እንኳ በ5 ቮልት 470 ኦም ግድም ሆኖ 0.047 በመቶ ያሳስታል። የ10 ቢት ኤዲሲ አንድ ደረጃ 0.1 በመቶ ገደማ ስለሆነ ሁለቱም አይታዩም። 3 ኦም ያለውን ኤዲጂ708 ለዚህ ቦታ ማስመጣት ላልታየ ነገር መክፈል ነው።

ሬዚስታንሱ የሚያሳስበው ፒቲ100ን (ሬዚስታንሱ ከሙቀት ጋር የሚለወጥ ሴንሰር) በሁለት ሽቦ ስንለካ ነው። ፒቲ100 በአንድ ዲግሪ የሚለወጠው 0.385 ኦም ብቻ ነው። 70 ኦም በመንገዱ ላይ ጨመርን ማለት 180 ዲግሪ የሚበልጥ ስሕተት ጨመርን ማለት ነው። «በካሊብሬሽን ይቀነሳል» ቢባል፣ ቻናል ከቻናል በ5 ኦም ቢለያይ 13 ዲግሪ ይሆናል፤ ቁጥሩም ከሙቀት ጋር ይንሸራተታል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው ሊባል ይችል ነበር፤ ግን 3 ኦም ያለው ቺፕም 8 ዲግሪ ያህል ያሳስታል። መፍትሔው የተሻለ ቺፕ መግዛት ሳይሆን አገናኙን መለወጥ ነው። አራት ሽቦ ተጠቅሞ፣ በአንዱ ስዊች 1 ሚሊ አምፔር ቋሚ ከረንት መላክ፣ በሌላው ቮልቴጁን ማንበብ። ከረንቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ያለው 70 ኦም ከረንቱን አይለውጠውም፤ ቮልቴጁ በሚነበብበት መንገድ ደግሞ ከረንት የለም። በአንድ አድራሻ ሁለት ስዊች አብሮ የሚያዞረው 4052 ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ለእያንዳንዱ አራት ፒቲ100 ሁለት ቺፕ ይበቃል። ርካሹ ቺፕ ውዱን የሚያሸንፍበት ቦታ ይህ ነው።

ደግሞ ዝቅተኛ ሬዚስታንስ በነጻ አይመጣም። ስዊቹ ውስጥ ያለውን ትራንዚስተር በማስፋት የሚገኝ ስለሆነ ካፓሲታንሱ አብሮ ያድጋል፤ ስዊቹ ሲበራና ሲጠፋ ወደ ሲግናሉ የሚገፋው ቻርጅም እንዲሁ። አንድ ፋብሪካ የሚያወጣቸውን ሁለት ባለ 8 ቻናል ቺፖች ተመልከቱ፦ ኤዲጂ1608 4.5 ኦም፣ ኤዲጂ1208 120 ኦም። ሁለተኛው የሚመረጠው በ1 ፒኮ ኩሎም ግድም በሚቆጠረው ትንሽ ቻርጁ ነው። 1 ፒኮ ኩሎም 50 ፒኮ ፋራድ ላይ ሲያርፍ 20 ሚሊ ቮልት ያነሣል፤ 20 ፒኮ ኩሎም ቢሆን 400 ሚሊ ቮልት ነበር። «ያነሰው ሁልጊዜ የተሻለ» ቢሆን ኖሮ 120 ኦሙን የሚሠራው ባልኖረ። በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠሩ አዳዲስ ቺፖች ሁለቱን ማስታረቃቸውን አልክድም፤ ቲማክስ1108 2.5 ኦም ሆኖ ቻርጁም ሊኬጁም ትንሽ ነው። ግን ከ5.5 ቮልት በላይ አይችልም፤ እግሮቹም ደቃቅ ስለሆኑ የብየዳ ጫፍና ፍላክስ (ብየዳን የሚያግዝ ቅባት) የለመደ እጅ ይፈልጋል።

ጽሑፉ አንድ ቁጥር ብቻ ይታይ ካለ፣ እኔ የምመርጠው ቁጥር ሊኬጅ ነው፤ ከጠፉት ቻናሎች ወደ ጋራ መስመሩ የሚያፈስ ከረንት። ሲዲ4051 በ18 ቮልትና በ25 ዲግሪ ጣሪያው 100 ናኖ አምፔር ነው፤ በ85 ዲግሪ 1 ማይክሮ አምፔር። በተለምዶ ከዚህ እጅግ ያንሳል፤ የ25 ዲግሪው የተለመደ ዋጋ 10 ፒኮ አምፔር ተብሎ ተጽፏል፤ ሆኖም የሚያስተማምነው ጣሪያው ነው። ይህን ከሴንሰሩ ሬዚስታንስ ጋር አባዙት። 10 ኪሎ ኦም ኤንቲሲ (ሙቀት ሲጨምር ሬዚስታንሱ የሚቀንስ ሴንሰር) ከ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር ሲከፋፈል ምንጩ 5 ኪሎ ኦም ነው፤ በ100 ናኖ አምፔር 0.5 ሚሊ ቮልት። ችግር የለም። ኤንቲሲው 100 ኪሎ ኦም ከሆነ ምንጩ 50 ኪሎ ኦም ሆኖ 5 ሚሊ ቮልት፣ ሙቅ ካቢኔት ውስጥ 50 ሚሊ ቮልት ይሆናል፤ ይህ በ5 ቮልትና በ10 ቢት 10 ደረጃ ነው። የፒኤች ኤሌክትሮድ ደግሞ 100 ሜጋ ኦም ደረጃ ላይ ነው። 100 ፒኮ አምፔር ብቻ ቢያፈስ 10 ሚሊ ቮልት፤ አንድ ፒኤች በ25 ዲግሪ 59 ሚሊ ቮልት ስለሆነ ይህ ወደ 0.17 ፒኤች ነው። በማቅለሚያ ክፍል ፒኤችን በቀጥታ ከ4067 ጋር ያገናኘ ሰው የሚያነበው ቁጥር የቺፑን የሙቀት ጠባይ እንጂ የማቅለሚያውን ውሃ አይደለም። ኤሌክትሮዱ መጀመሪያ መግቢያ ከረንቱ በጥቂት ፒኮ አምፔር በሚቆጠር ኦፕ አምፕ (የማጉያ ቺፕ) ይለፍ፤ ማልቲፕሌክሰሩ ከኦፕ አምፑ በኋላ ይምጣ። ያኔ ሲግናሉ ከዜሮ በታች እስካልወረደ ድረስ 4067ም ይበቃል።

አየሩም ከዚህ ይገባል። ሊኬጅ በ10 ዲግሪ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ደሴ ጠረጴዛ ላይ በ15 ዲግሪ ተሞክሮ ያማረ ቦርድ፣ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ በተዘጋ ካቢኔት ውስጥ 55 ዲግሪ ሲደርስ አራት ጊዜ እጥፍ ሄዷል፤ 16 ጊዜ ማለት ነው። የደሴ ችግር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የክረምቱ ጭጋግ ያልታጠበ ፍላክስ ላይ ሲያርፍ ቦርዱ ራሱ ሊኬጅ ይሆናል፤ የቱንም ያህል ጥሩ ቺፕ ቢገዛ። ከፍተኛ ሬዚስታንስ ያለው መስመር የሚያልፍበትን ቦታ በአይሶፕሮፒል አልኮል በብሩሽ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ቫርኒሽ መቀባት ነው። በዙሪያው የሲግናሉን ያህል ቮልቴጅ ያለው የመዳብ ቀለበት ማዞር ከተቻለ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የአንዱ ንባብ በሌላው ላይ መታየት። ጸሐፊው መዘግየት ይጨመር ማለታቸው ግማሽ እውነት አለው፤ ግማሹን አልነጥቃቸውም። የሚሆነው ነገር ወተት የተቀዳበትን ኩባያ ሳያለቀልቁ ውሃ መቅዳት ዓይነት ነው፦ የጋራ መስመሩና የኤዲሲው ካፓሲተር የቀድሞውን ቻናል ቮልቴጅ እንደያዙ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። በ4067 ይህ በድምሩ 60 ፒኮ ፋራድ ግድም ነው እንበል። ምንጩ 100 ኪሎ ኦም ቢሆን ታይም ኮንስታንቱ (ሬዚስታንሱ በካፓሲታንሱ ሲባዛ) 6 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ለ10 ቢት ግማሽ ደረጃ ለመድረስ 7.6 እጥፍ፣ ለ12 ቢት 9 እጥፍ፣ ለ16 ቢት 12 እጥፍ ገደማ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ 50 ማይክሮ ሰከንድ በ10 ቢት ይበቃል፤ የጽሑፉ ምክር እዚህ ድረስ ይሠራል።

ምክሩ የማይሠራው፣ ሰው ድምፅ (በሲግናሉ ላይ የሚወዛወዝ ረብሻ) ለማጥፋት ብሎ 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር የጋራ መስመሩ ላይ ሲበይድ ነው፤ በየቦርዱ የሚታይ ነገር ነው። በ10 ኪሎ ኦም ምንጭ ታይም ኮንስታንቱ 1 ሚሊ ሰከንድ ይሆንና በየቻናሉ 7.6 ሚሊ ሰከንድ፣ ለ16ቱ 120 ሚሊ ሰከንድ ይበላል። ካፓሲተሩ መሄድ ያለበት ከቺፑ በፊት፣ በየቻናሉ ነው። ያኔ የጋራ መስመሩ ቻርጅ ትልቅ ጎረቤት ያገኛል፦ 5 ቮልት ልዩነት በ60 ፒኮ ፋራድና በ100 ናኖ ፋራድ ሲካፈል የሚቀረው 3 ሚሊ ቮልት ብቻ ነው። ለ10 ቢት አይታይም። ለ12 ቢት ግን ሁለት ደረጃ ተኩል ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ ደጋግሞ በፍጥነት ለሚዞር ቦርድ ካፓሲተሩ በምንጩ በኩል ሳያገግም ሌላ ይመጣበታል። ታዲያ አማካዩ ምን ያደርጋል? አማካይ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝን ድምፅ ያጠፋል፤ ይህ ስሕተት ግን ሁልጊዜ ወደ ቀድሞው ቻናል ያደላ ነው። አሥሩም ንባብ ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ አማካያቸውም ያዘነብላል።

የሚሠራ ዘዴ አለ። አንዱን ቻናል፣ 15ኛውን በሉት፣ ከግራውንድ ጋር አስራችሁ በየንባቡ መካከል ጎብኙት። የጋራ መስመሩ ሁሌ ከዜሮ ስለሚነሳ ስሕተቱ ከጎረቤቱ ጋር ያለው ዝምድና ይቋረጥና ከራሱ ከቻናሉ ንባብ ጋር የሚመጣጠን ትንሽ ቅናሽ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ በካሊብሬሽን ይወጣል። ዋጋው አንድ ቻናል ነው። ያልተገናኙ ቻናሎችንም ክፍት አትተዉ፤ ክፍት መግቢያ የቀድሞውን ቁጥር እየደገመ ሴንሰር ያለ ያስመስላል።

ሌላው ጽሑፉ የዘለለው የአድራሻ አቀያየር ነው። ከቻናል 7 ወደ 8 ሲኬድ አራቱም የአድራሻ ቢት ይገለበጣሉ። ኮዱ ከታችኛው ቢት ጀምሮ አንድ በአንድ ከጻፈ መንገዱ 7፣ 6፣ 4፣ 0፣ 8 ይሆናል፤ በየጣቢያው ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ቆሞ የማይመለከታቸውን ሦስት ቻናሎች ይነካል። ቺፑ ራሱ አንዱን ሳያጠፋ ሌላውን እንዳያበራ ቢሠራም ከዚህ አያድንም፤ የሚመጣለትን አድራሻ ማመን ነው ሥራው። ወይ ማንቂያውን አጥፍቶ አድራሻ መቀየርና መልሶ ማብራት፣ ወይ አራቱን በአንድ የፖርት ጽሕፈት መላክ፣ ወይ አንድ ቢት ብቻ በሚቀየርበት ቅደም ተከተል መዞር፦ 0፣ 1፣ 3፣ 2፣ 6፣ 7፣ 5፣ 4፣ 12፣ 13፣ 15፣ 14፣ 10፣ 11፣ 9፣ 8። የመጀመሪያው ቀላሉ ነው፤ የ4067ን ማንቂያ ግራውንድ ላይ ማሰር የማልወደውም ለዚህ ነው።

ኢኤስፒ32ና 5 ቮልት። ይህ ነጥብ አጭር ነው፤ ዳታሺቱ ራሱ ይመልሰዋል። የኤችሲ ቤተሰብ ከፍተኛ ነው ብሎ የሚቀበለው ከፓወሩ 70 በመቶ ጀምሮ ነው፤ በ5 ቮልት 3.5። ኢኤስፒ32 የሚሰጠው ቢበዛ 3.3 ነው። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚሉ አይጠፉም፤ እውነታቸውን ነው፤ የተለመደው ቺፕ መገላበጫው ከአጋማሹ አካባቢ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ፓወሩ 5.2 ሲሆን፣ ረጅም ኬብል ድምፅ ሲያመጣ አልፎ አልፎ የተሳሳተ ቻናል ይከፈታል፤ አልፎ አልፎ የሚመጣን ችግር ማደን ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ከዚህ የከፋም አለ፦ በ5 ቮልት የሚሠራ ማልቲፕሌክሰር 5 ቮልት ሲግናል ያሳልፋል፤ የኢኤስፒ32 መግቢያ ያንን አይችልም። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚፈታው 74ኤችሲውን በ3.3 ቮልት ማስነሳትና ሲግናሎቹን ቀድሞ በሬዚስተር ከ3.3 በታች ማውረድ ነው። ስለዚህ ሌቨል ሺፍተር ብክነት ነው ማለታቸው በዚህ መንገድ ብቻ ልክ ይሆናል። 5 ቮልት የግድ ከሆነ ከ2 ቮልት ጀምሮ የሚቀበለው 74ኤችሲቲ4051 አለ፤ አለዚያም በመካከል ሌቨል ሺፍተር ሆኖ የሚሠራ 74ኤችሲቲ125። ሲዲ4051ን ግን በ3.3 ቮልት አታስነሱት። ይነሳል፤ ነገር ግን የኦን ሬዚስታንሱ ዋጋ ከ5 ቮልት በታች አልተሰጠም፤ በሲግናሉ አጋማሽ ላይ ሁለቱም ትራንዚስተሮች በቅጡ ሳይበሩ ይቀራሉ።

አምስተኛው ለፋብሪካ ሥራ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ዳዮዱ አለ፤ እውነት ነው። ሥራው ግን ቺፑን ከእጅ ስታቲክ ማዳን ነው፤ የሚችለው ከረንትም ውስን ነው፤ ለሲዲ4051 10 ሚሊ አምፔር። አንድ የ24 ቮልት ሽቦ ተሳስቶ ቻናል ቢነካና ከፊቱ 1 ኪሎ ኦም ብቻ ቢኖር 18 ሚሊ አምፔር ይገባል። 10 ኪሎ ኦም ቢሆን 1.8። ቺፑ ይተርፋል። ንባቡ ግን አይተርፍም፦ በጠፋ ቻናል በዳዮዱ በኩል የሚገባ ከረንት ውስጥ ለውስጥ የተመረጠውን ቻናል ይገፋዋል። አንድ ሴንሰር ሲበላሽ 15ቱ አብረው የሚዋሹት በዚህ ነው፤ ጥገና የሄደ ሰው የተበላሸውን ትቶ ደህናዎቹን ሲፈታ ይውላል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ቺፕ አለ፤ 74ኤችሲ4851፤ የእግር አቀማመጡ ከ4051 ጋር አንድ ነው፤ እግር 7 ብቻ ባዶ ስለሆነ አሉታዊ ሲግናል አይወስድም። ቅንጦት ሊባል የሚችል ዕቃ አይደለም።

መብራት መጥፋት ላይ ደግሞ እንምጣ፤ ለእኛ አገር ይህ የጎን ጉዳይ አይደለም። ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የሚልኩ የግፊት ትራንስሚተሮች 24 ቮልታቸውን ከባትሪ ያገኛሉ እንበል፤ የቦርዱ 5 ቮልት ግን ከመብራቱ ነው። መብራት ሲሄድ ከረንታቸውን ወደ ቮልቴጅ በሚለውጠው በየ250 ኦሙ ሬዚስተር ላይ ከ1 እስከ 5 ቮልት እንደቆመ ይቀራል፤ በዳዮዶቹ አልፎ የቦርዱን ፓወር ከታች ይመግበዋል። ማይክሮኮንትሮለሩ አይሞትም፣ አይነሳም፤ መብራት ሲመለስ ከዜሮ ስላልጀመረ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሰው ሄዶ ሶኬቱን እስኪነቅል ድረስ። 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያድናል ቢባል፣ አንዱ ቻናል 0.43 ሚሊ አምፔር ብቻ ያስገባል፤ 16ቱ ሲደመሩ ግን ወደ 7 ሚሊ አምፔር ነው፤ ለብዙ ማይክሮኮንትሮለር በቂ ቀለብ።

ኤዲጂ508ኤፍ እዚህ ጋ ነው ዋጋውን የሚያወጣው። ፓወሩ ቢጠፋም መግቢያዎቹ ዝግ ሆነው ይቆያሉ፤ ከ-40 እስከ +55 ቮልት ይታገሣል። የሚገርመው የኦን ሬዚስታንሱ 300 ኦም ግድም መሆኑ ነው፤ ጥበቃው የሚገኘው በመንገዱ ላይ ተጨማሪ ትራንዚስተር በመደርደር ስለሆነ። በጸሐፊው መመዘኛ ይህ መጥፎ ቺፕ ነው። ደግሞም በተለምዶ ±15 ቮልት ስለሚፈልግ ለሁሉም ቦርድ አይመከርም፤ ዋጋውና ማስመጣቱም እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ማስመጣት ካልተቻለ ርካሹ መንገድ የትራንስሚተሮቹን 24 ቮልትና የቦርዱን 5 ቮልት ከአንድ ምንጭ መውሰድ ነው፤ አብረው ይጥፉ፣ አብረው ይብሩ። ብራውን አውት ሪሴቱንም (ቮልቴጅ ሲወርድ ማይክሮኮንትሮለሩን ከዜሮ የሚያስጀምረውን) ማብራት አይረሳ። ይህ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

ማልቲፕሌክሰር ሁልጊዜ ርካሽ ነው የሚለው የጽሑፉ መንፈስም በደንብ መቆጠር አለበት። ዘገምተኛ ሙቀት ብቻ ለሚለካ ሰው አራት ኤዲኤስ1115 (ባለ 4 ቻናል ኤዲሲ) በአንድ አይ2ሲ (የሁለት ሽቦ መገናኛ) መስመር ላይ በአራት የተለያየ አድራሻ ተደርድረው 16 ቻናል በ16 ቢት ይሰጣሉ፤ ለ10 ቢትና ለ8 ቻናል ኤምሲፒ3008 አለ። በውስጣቸው ያለው ማልቲፕሌክሰር ከኤዲሲው ጋር ተጣጥሞ የተሠራ ነው። 4067ን ከኦፕ አምፕ፣ ከየቻናሉ ካፓሲተርና ከብየዳ ጊዜ ጋር ደምራችሁ አወዳድሩ፤ አንዳንዴ 4067 ያሸንፋል፤ አንዳንዴ አያሸንፍም።

በመጨረሻ፣ 74ኤችሲ4067ን ለመረጠ ሰው ጽሑፉ ያልነገረው አንድ ፍተሻ። በላዩ የተጻፈውና በውስጡ ያለው የማይገናኝ ቺፕ ገበያ ላይ አለ፤ ቦርድ ላይ ከመበየዱ በፊት ብሬድ ቦርድ (ያለ ብየዳ መሞከሪያ ሰሌዳ) ላይ ይታይ። እግር 24ን ከ5 ቮልት፣ ከ10 እስከ 15 ያሉትን ስድስቱንም እግሮች ከግራውንድ ጋር አገናኙ፤ በ24ና በ12 መካከል 100 ናኖ ፋራድ አስገቡ። ይህ ቻናል 0ን ይመርጣል፤ እሱ እግር 9 ነው፤ የጋራው እግር 1። በሁለት 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር 5 ቮልቱን ለሁለት ከፍላችሁ 2.5ቱን ለእግር 9 ስጡ፤ ከእግር 1 ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም አድርጉ። መልቲሜትሩን በሚሊ ቮልት ላይ አድርጋችሁ በእግር 9ና በእግር 1 መካከል ለኩ። ጤነኛ ቺፕ 20 ሚሊ ቮልት ግድም ያሳያል። ከ45 በላይ ከሆነ ዳታሺቱ ከሚፈቅደው ጣሪያ አልፏል፤ 100 አካባቢ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለው የድሮው ሲዲ ቤተሰብ ነው፤ በ3.3 ቮልት እንዳትጠቀሙበት። ቀጥሎ እግር 15ን ከግራውንድ ነቅላችሁ ወደ 5 ቮልት አንሱት፤ በ10 ኪሎ ኦሙ ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት፤ ጥቂት ሚሊ ቮልት እንኳ ከቀረ ቺፑ ያፈስሳልና ወደ ሱቁ ይመለስ።